ከመወልወሉ በፊት፦ የአንድ አሮጌ የአሉሚኒየም ስኔር እድሳት

ይህ የአንድ ስኔር፣ ማለትም ከሥሩ የሽቦ ጥቅል የተዘረጋበት ድራም፣ ጉዳይ ነው። ድራሙ ቺካጎ ተሠርቶ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ትምህርት ቤት ሲያገለግል ኖሮ፣ በመጨረሻ አንድ ኢትዮጵያዊ ድራመር እጅ ገባ። እኔ በትርፍ ጊዜዬ የሙዚቃ መሣሪያ ስለምጠግን ወደ እኔ መጣ። መዝግቤ ላስቀምጠው የፈለግሁት በአንድ ምክንያት ነው። ዓይን የሚያየው ጉዳትና ጆሮ የሚሰማው ጉዳት የተለያዩ ነበሩ። ባለቤቱ የመጡት ዓይናቸው ያየውን ይዘው ነው። ድራሙ የዳነው ግን ጆሮ የሰማውን ተከትለን በመሄዳችን ነው።

ባለቤቱን በስም አልጠራም። ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

## ምን ዓይነት ድራም ነው?

ሉድዊግ አክሮላይት ይባላል። ስፋቱ 14 ኢንች፣ ቁመቱ 5 ኢንች ነው። ሉድዊግን በ1909 ቺካጎ ላይ የመሠረቱት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። አክሮላይት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለተማሪ ተብሎ የወጣ ሞዴል ነው። ከሻንጣው፣ ከማስቀመጫውና ከመምቻ ስቲኩ ጋር አንድ ላይ ይሸጥ ነበር። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 ቢትልሶች በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ያህል ሰው አይቷቸዋል። ከባንዱ ድራም ፊት ላይ የሉድዊግ ስም በትልቁ ተጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ አሜሪካዊ ታዳጊ ሁሉ ሉድዊግ ፈለገ፤ ፋብሪካውም ሌሊትና ቀን ይሠራ ጀመር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በየምድር ቤቱ የሚገኘው የዚያ ዘመን ድራም ብዛት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ስለ አክሮላይት ማወቅ ያለብን ዋና ነገር ሸሉ ነው። ሸል የምለው ቆዳው የሚወጠርበትን ክብ አካል ነው። የዚህ ድራም ሸል ከአሉሚኒየም ነው፤ ብየዳ የለውም። መሐሉ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ አንድ ጉብታ አለው። ያ ጉብታ ለጌጥ አይደለም፤ ስሱን ብረት ያጠነክረዋል። ሉድዊግ ይህንኑ ሸል በክሮም ሸፍኖ ሱፕራፎኒክ በሚባለው በውድ ሞዴሉ ላይ ይጠቀምበታል። ሱፕራፎኒክን በስቱዲዮ ከሁሉ በላይ የተቀረፀ ስኔር ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። ታዲያ የተማሪውና የባለሙያው ድራም አንድ ዓይነት አካል ነበራቸው ማለት ነው።

ልዩነቱ ክሮሙ ነው። ክሮም አሉሚኒየም ላይ በደንብ አይዝም። ከዓመታት በኋላ ይነፋል፣ ይቦጫጨቃል፣ ይላጣል። የድሮ ሱፕራፎኒክ ያለው ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል፤ መድኃኒትም የለውም። አክሮላይት ክሮም ስለሌለው ከዚህ ነፃ ነው። ላዩ በብሩሽ የተፈተገ ግራጫ ሲሆን በላዩ ላይ ስስ ግልጽ መከላከያ አለው። ይህን መከላከያ ልብ በሉ፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ጎኑ ላይ ያለችው የስም ሰሌዳ ሰማያዊና የወይራ ቀለም አላት። ይህች ሰሌዳ ከ1960ዎቹ ማብቂያ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ትለጠፍ ነበር። ሰሌዳዋ ላይ ቁጥር አለ፤ ግን ሰሌዳዎቹ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ስላልተለጠፉ ቁጥሩ ብቻውን ዓመቱን በትክክል አይናገርም። ባለቤቱ «የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ሲሉኝ «የሰባዎቹ ነው» ከማለት አላለፍኩም።

## ባለቤቱና ጥያቄያቸው

ባለቤቱ ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የሆቴል ባንድ ውስጥ ድራም ይመቱ ነበር። አሁን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቅዳሜ ማታ ምግብ ቤት ውስጥ ይጫወታሉ፤ ሠርግም ሲኖር ይጠራሉ። ድራሙን ያገኙት ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህርት ቤት ለቅቀው ሲሄዱ ዕቃ ከሸጡበት ግቢ ነው። 60 ዶላር ከፈሉ።

ይዘውት ሲመጡ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ድምፁ ሞቷል። ተማሪ ሲደበድበው ኖሮ አልቆለታል መሰለኝ። ቢያንስ እንደ መስታወት አድርገህ ወልውልልኝና ሳሎን ላስቀምጠው።»

«ጋሼ፣ ከመወልወሉ በፊት እስቲ ልየው» አልኳቸው። እሺ ብለው ትተውልኝ ሄዱ።

## ሲመጣ የነበረበት ሁኔታ

ለዓመታት የቆየው ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሜሪላንድ በጋው ይሞቃል፣ አየሩም እርጥብ ነው። ምድር ቤት ደግሞ ይብሳል። ሻንጣው ሻግቷል። ቆዳውን ዙሪያውን የሚይዙት ቀለበቶች፣ የላይኛውና የታችኛው ሪም፣ የብረት ስለሆኑ ክሮማቸው ላይ ቡናማ የዝገት ነጠብጣብ ወጥቷል። የላይኛው ሪም አንድ ቦታ ላይ ወደ ታች ጎንበስ ብሏል፤ ድራሙ ወድቆ ያውቃል ማለት ነው። ሸሉ ላይ የትምህርት ቤት ተለጣፊ ወረቀት ሙጫው ጠቁሮ ቀርቷል። ጎኑ ላይ ከተሰለፉት ስምንት የብሎን መያዣዎች፣ ላግ ከሚባሉት፣ ጠርዝ ሥር ነጭ ዱቄት ብቅ ብሏል።

ነጩ ዱቄት የአሉሚኒየም ዝገት ነው ቢባል አይሳሳትም። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ሆኖ አይዝግም። አየር ሲነካው ወዲያው ስስ ቆዳ ያወጣል፤ ያ ቆዳ ራሱን ይጠብቀዋል። ችግሩ የሚመጣው እርጥበት ተይዞ ሲቀር ነው። ላግ፣ ብሎንና ሸል ሦስት የተለያዩ ብረቶች ናቸው። የተለያዩ ብረቶች ተጣብቀው መሐላቸው ውኃና የላብ ጨው ሲገባ አንዱ ሌላውን መብላት ይጀምራል። ዱቄቱ የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ተጨማሪ ጉዳት ነበር። ከሰሌዳው በስተግራ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጠቁሯል። የጋሼ ልጅ አባቱን ለማስደሰት ብሎ በኦቨን ማጽጃ ሞክሮት ኖሯል። የኦቨን ማጽጃ ውስጥ ያለው ኃይለኛ አልካሊ ቅባትን ያቀልጣል፤ አሉሚኒየምን ግን ይበላል። መከላከያውንም አንስቶታል። ይህ ቦታ እስከ መጨረሻው አልተመለሰም፤ ዛሬም አለ።

## መጀመሪያ ጆሮ

ምንም ሳልፈታ መታሁት። ድፍን ያለ፣ የታፈነ ድምፅ ነው የሰጠው። ከታች ያለው የሽቦ ጥቅል በኃይል ሲመታ ብቻ ይንሿሿል፤ ቀስ ሲባል ዝም ይላል። ስኔርን ስኔር የሚያሰኘው ያ ሽቦ ነው። ሽቦው ለቀላል ምት ካልመለሰ ድራሙ ተራ ጣሳ ነው።

ሽቦውን ለቅቄ እንደገና መታሁት። አሁንም ታፍኗል። እንግዲህ ችግሩ ሽቦው ብቻ አይደለም።

ከዚያ ሁሉንም ፈታሁ። ከመፍታቴ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሳሁ፤ እያንዳንዱን ላግ በወረቀት ፕላስተር ቁጥር ለጠፍኩበት። ላግ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ግን ሃምሳ ዓመት ገደማ አንድ ቦታ ተቀምጦ ከቦታው ጋር ተላምዷል። ወደነበረበት ቢመለስ ይሻላል።

ሸሉ ብቻውን ሲቀር ከጉብታው በላይ በሁለት ጣት አንጠልጥዬ በጣቴ አንጓ ነካ አደረግሁት። ጥርት ብሎ ጮኸ፤ ድምፁም ቶሎ አልጠፋም። ሸሉ አልሞተም። ድምፁን የሚያፍነው በላዩ የታሰረ ነገር ነው።

ያፈነውን ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። የመጀመሪያው ውስጥ ያለው ማፈኛ ነው። በዚያ ዘመን ድራሞች ሸሉ ውስጥ በጨርቅ መሰል ነገር የተሠራ ማፈኛ ይገጠምላቸው ነበር። ከውጭ ያለች ትንሽ ቁልፍ ስትዞር ማፈኛው ከሥር ሄዶ የላይኛውን ቆዳ ይጫነዋል። የዚህ ድራም ቁልፍ ዝጎ በተጫነበት ቦታ ላይ ደርቆ ቀርቷል። ለዓመታት ማፈኛው ተለጥፎበት ነው ድራሙ ሲመታ የኖረው።

ሁለተኛው የታችኛው ቆዳ ነው። ቆዳ እንበለው እንጂ ፕላስቲክ ነው። የላይኛው ቆዳ ስቲክ ስለሚያርፍበት ወፈር ይላል፤ የተለመደው 0.25 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የታችኛው ግን በጣም ስስ መሆን አለበት፤ 0.076 ሚሊሜትር ገደማ። ስስ ካልሆነ ከላይ የመጣው አየር አያንቀጠቅጠውም፤ ቆዳው ካልተንቀጠቀጠ ሽቦው አይንሿሿም። የዚህን ድራም የታችኛ ቆዳ በመለኪያ ስይዘው 0.25 አለ። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ የላይኛውን ዓይነት ቆዳ ከታች ገጥሞታል። ከሚገባው በሦስት እጥፍ በላይ ወፍራም ነው።

ጋሼን ደወልኩላቸውና ነገርኳቸው። «ታዲያ ይጮሃል ነው የምትለኝ?» አሉ። «የሚያስጮኸውን ነገር ሰጥተውት አያውቁም» አልኳቸው።

## የማይገጥመው ብሎን

የመወጠሪያ ብሎኖቹን ስፈታ ሰባቱ በድራም ቁልፍ ወጡ። ስምንተኛው አልወጣም። ራሱ አራት ጎን ሳይሆን ስድስት ጎን ነው፤ በመፍቻ ነው የሚፈታው። አንድ ሰው የጠፋውን ብሎን ከዕቃ መደብር በገዛው ተክቶታል።

በካሊፐር ለካሁት። ዋናዎቹ ብሎኖች የአሜሪካ ድራሞች የሚጠቀሙበት 12-24 የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ ውፍረቱ 5.5 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን በአንድ ኢንች 24 ጥርስ አለው። ይህ ማለት በጥርስና በጥርስ መሐል 1.06 ሚሊሜትር አለ። ምትኩ ብሎን 6 ሚሊሜትር ነው፤ በጥርሶቹ መሐል 1 ሚሊሜትር። ሁለቱ ተቀራራቢ ስለሆኑ ብሎኑ መጀመሪያ በጉልበት ይገባል። ከጥቂት ዙር በኋላ ግን ላጉ ውስጥ ያለውን የናስ ዳዶ ጥርስ እየላጨ ነው የሚሄደው። ዳዶው አልቋል። በዚህ ቦታ ቆዳው እንደሌሎቹ አይወጠርም ነበር። ድራሙን ማቃኘት ያስቸገረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዳዶው ላጉ ውስጥ በትንሽ ሞላ ተደግፎ ይቀመጣል። ላጉን ከፍቼ ዳዶውን በአዲስ ቀየርኩት፤ በብሎኑም ፈንታ ትክክለኛውን 12-24 ገጠምኩ። የዳዶና የብሎን ዋጋ ጥቂት ዶላር ነው። ሌሎቹንም ላጎች ከፍቼ ሞላዎቹን አየሁ። ሞላ ድራሙ በተመታ ቁጥር ውስጥ ለውስጥ ይነዝራል። እያንዳንዱ ሞላ ውስጥ ትንሽ የሱፍ ጨርቅ ቁራጭ አስገባሁ። ይህ ሥራ ከውጭ አይታይም፤ ማይክራፎን አጠገቡ ሲቀመጥ ግን ልዩነቱ ይሰማል።

## ጽዳቱ

ሸሉን ለብ ባለ ውኃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ አጠብኩ። አብዛኛው ቆሻሻ በዚህ ለቀቀ። የደረቀው ሙጫ አልለቀቀም፤ ለላይተር በሚሞላው ቤንዚን ጨርቅ አርሼ ትንሽ አቆየሁበት። ይህን ከቤት ውጭ፣ እሳት ከሌለበት ቦታ ነው የሠራሁት። ሙጫው ለስልሶ በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ተገፎ ወጣ።

ነጩን ዱቄት በጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውኃ አነሳሁት። ሥሩ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ቀርተዋል። እነዚህን አልነካኋቸውም። ጉድጓድን ለማጥፋት ዙሪያውን ያለውን ደህና ብረት እስከ ጉድጓዱ ጥልቀት መፋቅ ያስፈልጋል። ላጉ ተመልሶ ሲገጠም አብዛኞቹ ሥሩ ይቀራሉ።

አጥብቄ የምከለክለው ነገር ቢኖር የብረት ሱፍ ነው። የብረት ሱፍ ጭረት መተዉ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። ብናኙ አሉሚኒየሙ ውስጥ ይሰነቀርና በኋላ እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፤ አሉሚኒየሙንም ያበላሻል። ለሪሞቹም ቢሆን አልተጠቀምኩም።

ለሪሞቹ የሠራው የወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይል ነው። ፎይሉን ጨምደድ አድርጎ ውኃ ነክሮ የዛገውን ክሮም ማሸት። አሉሚኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ ክሮሙን አይጭረውም፤ ዝገቱን ግን ያነሳል። ግራጫ ቡናማ ዝቃጭ ይወጣል፤ እሱን በጨርቅ እየጠረጉ መቀጠል ነው። ከታችኛው ሪም ላይ ዝገቱ ከሞላ ጎደል ለቀቀ። ክሮሙ ጨርሶ በተበላበት ቦታ ጥቁር ነጥቦች ቀርተዋል። አድርቄ ስስ የመኪና ሰም ቀባሁት።

## የመስታወቱ ጥያቄ

ጋሼ እንደ መስታወት ይብራ ብለው ነበር። አሉሚኒየም ይበራል፤ በብረት መወልወያ ቢታሽ ፊት ያሳያል። ይህን ለማሳየት ላጉ የሚሸፍነውን ትንሽ ቦታ መርጬ ወለወልኩ። በእርግጥም አበራ። ጋሼን ጠርቼ አጠገቡ ያለውን የመጀመሪያውን ፍትግ ግራጫና የተወለወለውን ጎን ለጎን አሳየኋቸው።

ሦስት ነገር ነገርኳቸው። አንደኛ፣ ለማብራት የፋብሪካው መከላከያ መነሳት አለበት። ከተነሳ በኋላ ሸሉ እጅ በነካው ቁጥር ይደበዝዛል፤ በየጊዜው መወልወል ግድ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሸሉ ስስ ነው፤ በተለይ ጠርዙ ላይ መወልወያ ማሽን ቢሳሳት ቆዳው የሚያርፍበትን ቦታ ያበላሻል፤ ያ ከተበላሸ ደግሞ ድራሙ አይቃኝም። ሦስተኛ፣ ያ የተፈተገው ግራጫ አክሮላይትን አክሮላይት የሚያሰኘው ነገር ነው። የሚያውቅ ሰው ከሩቅ የሚለየው በሱ ነው።

ዝም ብለው አዩትና «ተወው» አሉ። ቀጥለው «ድምፁን ግን አሰማኝ» አሉ። በእኔ እምነት ከጠቅላላው ሥራ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነበር፤ የወሰኑትም እርሳቸው ናቸው። የሚመልሰው የሌለ ነገር ላይ እጅ ከማንሳት በፊት ባለቤቱ በዓይኑ አይቶ መወሰን አለበት ብዬ አምናለሁ።

## ክብነትና ጠርዝ

ሸሉን ወፍራም መስታወት ላይ ገልብጬ ውስጡ መብራት አስገባሁ፤ ክፍሉን አጨለምኩ። ከጠርዙ ሥር ብርሃን የሚያመልጥ ከሆነ ጠርዙ ጠፍጣፋ አይደለም ማለት ነው። በላይኛው በኩል ምንም አላመለጠም። በታችኛው በኩል ትይዩ በሆኑ ሁለት ቦታዎች ብርሃን ታየ። ይህ ጉዳት አይደለም። ፋብሪካው ሆን ብሎ እነዚያን ሁለት ቦታዎች ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ ሽቦው በእነሱ ላይ አልፎ ቆዳው ላይ ተለጥፎ እንዲተኛ። ይህን የማያውቅ ሰው «ተጣሟል» ብሎ በሞረድ ሊያስተካክለው ይችላል። ካስተካከለው ሽቦው ከእንግዲህ በደንብ አይተኛም።

ሪሞቹንም በዚያው መስታወት ላይ አስቀመጥኳቸው። የታችኛው ልክክ ብሎ ተቀመጠ። የላይኛው ተንገዳገደ። በሁለት እንጨት መሐል አስገብቼ ቀስ እያልኩ ለማቃናት ሞከርኩ። ጎንበስ ያለው ተሻሻለ፤ ግን ሌላ ቦታ ላይ ተነሳ። የታጠፈ ሪም እንዲህ ነው፤ አንዴ ከታጠፈ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ አይሆንም። ስምንት ቀዳዳ ያለው አዲስ ባለ 14 ኢንች ሪም ተገዛ። ገበያ ላይ ባለ 10 ቀዳዳም ስላለ ቆጥሮ መግዛት ነው። የድሮውን ሪም ለጋሼ በጨርቅ ጠቅልዬ መለስኩላቸው፤ የድራሙ አካል ስለሆነ አይጣልም።

## ሽቦውና መወጠሪያው

የድሮው ሽቦ 20 ዘርፍ ነበረው። ሁለቱ ከብየዳቸው ተነቅለዋል፤ ሌሎቹም ተለጥጠዋል። በእጄ ስዘረጋው መሐሉ ረገበ። ይህን ማዳን ይቻል እንደሆነ ለማየት የተነቀሉትን ሁለቱን ቆርጬ ገጥሜው ነበር። የተለጠጡት ከቀሪዎቹ በላይ ስለሚረግቡ አንዱ ተወጥሮ ሌላው ይንጠለጠላል፤ ድምፁ ይበተናል። አዲስ ባለ 20 ዘርፍ ገባ። ሽቦው በግራና በቀኝ ከሸሉ ጠርዝ እኩል እንዲርቅ መሐል ለመሐል መቀመጥ አለበት። ማሰሪያውን ከገመድ ይልቅ በስስ የፕላስቲክ ጥብጣብ ሠራሁት፤ ጥብጣብ ቆዳው ላይ ጠፍጥፎ ይተኛል።

የሽቦው መወጠሪያ ፒ-85 የሚባለው ነው፤ በጎን በኩል ባለ ማንሻ ሽቦውን የሚያስጠጋና የሚለቅ። አጸዳሁት፤ በሚንቀሳቀስበት ቦታ ትንሽ ግራሶ ቀባሁ። ማንሻው ለሰለሰ። ውጥረቱን የምትቆጣጠረው ትንሿ ዙር ቁልፍ ግን በንዝረቱ ራሷ ወደኋላ ትዞራለች፤ አንድ ሙሉ ዘፈን እስኪያልቅ ሽቦው ይላላል። ጥርሷ በዘመን ብዛት ስለተበላ ነው። ሙሉ መወጠሪያውን በአዲስ መቀየር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የብዙዎቹ አዲሶች ቀዳዳ ከዚህ ሸል ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። ሸሉን እንደገና መብሳት አልፈለግሁም። በቁልፏ ሥር ትንሽ የጎማ ቀለበት አስገባሁ። ጎማው ይይዛታል፤ እጅ ሲያዞራት ትዞራለች፣ ንዝረት ሲያዞራት እምቢ ትላለች።

## ማቃኘቱ

የላይኛው ቆዳ አንድ ንጣፍ፣ ነጭ ሽፋን ያለው ነው። የታችኛው ስሱ ነው። ብሎኖቹን መጀመሪያ በጣት ብቻ እስኪነኩ አዞርኳቸው። ከዚያ በቁልፍ ሩብ ሩብ ዙር፣ አንዱን ካጠበቅሁ ቀጥሎ ትይዩውን። ዙሪያውን በተራ ከተሄደ ቆዳው ወደ አንድ ወገን ይሳባል። ከእያንዳንዱ ብሎን ሁለት ጣት ያህል ገባ ብዬ በስቲክ ጫፍ እየነካሁ ቃናውን አስማማሁ። የታችኛውን ከላይኛው አስበልጬ ወጠርኩት። ስሱ ቆዳ ፈጥኖ እንዲመልስ ጠበቅ ማለት አለበት።

ማፈኛውን ፈትቼ፣ አጽድቼ፣ ከቆዳው ርቆ እንዲቆም አድርጌ መለስኩት። ሊያወጡት የሚመርጡ ድራመሮች አሉ። እኔ ቦታውን ባዶ ቀዳዳ ከማድረግ ይልቅ እንዳለ ሆኖ እንዳይነካ ማድረግን እመርጣለሁ።

ጋሼ መጥተው ተቀመጡ። የመቱት ችክችካ ነው። በችክችካ ውስጥ ስኔሩ ትላልቆቹ ምቶች ላይ ብቻ አይደለም የሚሠራው። በመሐል በግራ እጅ የሚጣሉ፣ ከመሰማት ይልቅ የሚዳሰሱ ቀላል ምቶች አሉ፤ ዜማውን የሚያስኬዱት እነሱ ናቸው። ድራሙ ሲመጣ እነዚህን ጨርሶ አይመልስም ነበር። አሁን ጋሼ ስቲኩን ከቆዳው ሁለት ሴንቲሜትር ሳያነሱ ሲጥሉት ሽቦው ተንሿሿ። ከዚያ አዝግመው ትዝታ ሞከሩ፤ ስቲኩን ቆዳው ላይ አጋድመው ሪሙን ብቻ መቱ። አሉሚኒየም ከናስና ከብረት ይልቅ ደረቅና አጭር ድምፅ አለው። ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ሰው አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ በሚበላበት፣ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ድምፃዊውን አይጋርድም።

## ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

የእድሳት ሥራ በብዛት የሚጀመረው ከመወልወያ ነው። እኔ ከዚህ ጉዳይ በኋላ ለሚመጣልኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «ምን ይሰማሃል?» ሸሉን ብቻ አንጠልጥሎ ማንኳኳት ደቂቃ አይወስድም። ሸሉ ከጮኸ፣ ጉዳዩ የቆዳ፣ የሽቦና የብሎን ነው፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ይገዛል። ሸሉ ከተሰነጠቀ ወይም ጠርዙ ከተጣመመ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ማሰብ ይገባል።

አሮጌ ስኔር ሲገዛ የታችኛውን ቆዳ በጣት ጫን ብሎ ማየት ይጠቅማል። ስሱ ቆዳ ሲነካ ኮሽ ይላል፤ ወፍራሙ ድም ይላል። መስማት የለመደ ሰው ያለ መለኪያ ይለየዋል። ማፈኛውንም ማየት ነው። ብሎኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ራስ ካላቸው ጥሩ ነው፤ አንዱ ከተለየ ያ ቦታ ታሪክ አለው።

አሉሚኒየም ላይ ኃይለኛ ማጽጃ አይነካም፦ የኦቨን፣ የቱቦ መክፈቻ፣ በረኪና። ሎሚና ኮምጣጤም ቢሆኑ የዛገ ብረት ላይ እንጂ አሉሚኒየሙ ላይ ቆይተው መቅረት የለባቸውም። አዲስ ነገር ሲሞከር ላግ በሚሸፍነው ቦታ ይሞከር።

ምድር ቤት ውስጥ ድራም የሚያስቀምጥ ሰው ሻንጣውን ከወለሉ ከፍ ያድርገው፤ ውስጡም እርጥበት የምትስብ ትንሽ የሲሊካ ከረጢት ይጨምር። አዲስ አበባ ክረምት ላይ ያለ ሰውም እንዲሁ።

## ወጪውና ቀጣዩ

ሁለቱ ቆዳዎች፣ ሽቦው፣ ሪሙ፣ ዳዶና ብሎኑ ተደምረው መቶ ዶላር አካባቢ ሆኑ። ድራሙ ከተገዛበት ዋጋ ይበልጣል። ሆኖም በዚህ ገንዘብ እንዲህ ዓይነት ሸል ያለው አዲስ ስኔር አይገኝም።

ሳይፈታ የቀረው ሁለት ነገር ነው፤ የጠቆረው መዳፍ ያህል ቦታና ላግ ሥር ያሉት ጉድጓዶች። ድምፁን አይነኩትም። የመወጠሪያዋ ቁልፍ ጎማ ደግሞ ከጊዜ በኋላ መቀየር ይኖርበታል።

ጋሼ ሳሎን ማስቀመጡን ትተውታል። ለጊዜው ቅዳሜ ማታ ይዘውት ይወጣሉ። ወደፊት አዲስ አበባ ላለው ለወንድማቸው ልጅ ሊልኩት አስበዋል፤ ልጁ ድራም ይማራል። እዚያ የዚህ ዓይነቱ መለዋወጫ እንደልብ ስለማይገኝ ሻንጣው ውስጥ አንድ ትርፍ የታችኛ ቆዳ፣ ጥብጣብ፣ ሁለት የጎማ ቀለበት፣ የድራም ቁልፍ፣ ሁለት ትርፍ ብሎንና አንድ ዳዶ አስገብተናል። ከእነሱ ጋር በአማርኛ የተጻፈች አንዲት ካርድ አለች፦ «ብሎኑ 12-24 ነው፤ ባለ 6 ሚሊሜትር አይግባ። ከታች ስሱ ቆዳ ብቻ።»